ወደ አላስካ በመኪና፦ የታተመ መመሪያ፣ ስልክ፣ ጂፒኤስ ወይስ ሳተላይት?

በሰመር ዕረፍት ከኤድመንተን፣ ከካልጋሪ ወይም ከሲያትል ተነስተው በመኪና እስከ አላስካ ለመሄድ ያሰቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ። «ስልክ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተማ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች የወረቀት ካርታ ከመኪናችን ከወጣ ቆይቷል። አድራሻውን ጽፎ መንዳት ነው የለመድነው።

ሰሜኑ ግን በዚህ ልማድ አይሄድም። በዋናው መንገድ፣ በአላስካ ሀይዌይ ላይ፣ ከፎርት ኔልሰን ከተማ እስከ ዋትሰን ሌክ ከተማ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአብዛኛው የመንገዱ ክፍል የስልክ ኔትዎርክ የለም። ማደያ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ ማታ ይዘጋል፣ አንዳንዱ የሚከፈተው በሰመር ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ባለቤቱ ሲደክመው ከነጭራሹ ይዘጋል። ልጆች ከኋላ አስቀምጣችሁ፣ የነዳጁ መርፌ እየወረደ፣ ስልኩ «ግንኙነት የለም» ሲላችሁ ምን ትይዛላችሁ? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሰዓት ነው።

አማራጮቹ ብዙ ናቸው። የሚያደናግረውም ሻጩ ሁሉ የራሱን ዕቃ «ይበቃችኋል» ብሎ ስለሚሸጥ ነው። እኔ ግን የማንንም ዕቃ ከማወደሴ በፊት መለኪያውን ማስቀመጥ እመርጣለሁ።

መጀመሪያ፦ በየትኛው መንገድ ነው የምትሄዱት?

«ሰሜን» ሲባል ሁሉም መንገድ አንድ አይደለም። የምትይዙት ዕቃም የሚወሰነው በምትሄዱበት መንገድ ነው።

ዋናው መንገድ አላስካ ሀይዌይ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ዶውሰን ክሪክ ላይ ይጀምራል። በፎርት ኔልሰን፣ በዋትሰን ሌክ፣ በኋይትሆርስና በቶክ አድርጎ አላስካ ውስጥ ዴልታ ጃንክሽን ላይ ያልቃል። ርዝመቱ 2,232 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በማይል 1,387 ነው። ከኤድመንተን ዶውሰን ክሪክ ለመድረስ ብቻ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው። ጥገና ያለበት ቦታ ላይ ግን ጠጠር ይገጥማችኋል። ከዲስትራክሽን ቤይ አልፎ እስከ አላስካ ድንበር ባለው ክፍል ደግሞ ከሥር ያለው በረዶማ አፈር ሲቀልጥና ሲረጋ መንገዱን እንደ ማዕበል ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። እዚያ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው።

ሁለተኛው ስቱዋርት ካሲያር የሚባለው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ 37 ቁጥር መንገድ ነው። ከሲያትልና ከቫንኩቨር ለሚነሳ ሰው ጥሩ አማራጭ ነው። 725 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከአላስካ ሀይዌይ ይጠባል፣ ማደያውም ያንሳል።

ከዚያ ከባዶቹ ይመጣሉ። ዴምፕስተር ሀይዌይ ከዶውሰን ሲቲ አጠገብ ተነስቶ እስከ ኢኑቪክ 736 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ነው። በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ ከኢኑቪክ እስከ ቱክቶያክቱክ፣ እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ 138 ኪሎ ሜትር ያህል ተጨምሮበታል። በመሃል ሁለት ወንዞችን በጀልባ ትሻገራላችሁ። ዶልተን ሀይዌይ ደግሞ ከፌርባንክስ ሰሜን ጀምሮ እስከ ዴድሆርስ 414 ማይል ነው። በ1974 የተሠራው የነዳጅ ቧንቧ መስመሩን ለሚገነቡ የጭነት መኪናዎች ነበር፣ ዛሬም የከባድ መኪና መንገድ ነው።

ዶውሰን ክሪክና ዶውሰን ሲቲ ሁለት የተለያዩ ከተሞች መሆናቸውን ልብ በሉ። አንዱ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ሌላው ዩኮን ውስጥ ነው። በመካከላቸው ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ስልኩ ላይ አንዱን ስትጽፉ ሌላው እንዳይመጣ ተጠንቀቁ።

መለኪያዎቹ

ስድስት ነገር እጠይቃለሁ። ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ትልቁ ጥያቄ «ቀጣዩ ነዳጅ የት ነው?» የሚለው ነው። ዶልተን ላይ ከኮልድፉት እስከ ዴድሆርስ 240 ማይል፣ ማለትም 385 ኪሎ ሜትር ያህል ማደያ የለም። ዴምፕስተር ላይ ከመገንጠያው እስከ ኢግል ፕሌንስ 369 ኪሎ ሜትር ነው። 50 ሊትር የምትይዝና በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትበላ መኪና በወረቀት ላይ 500 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ሻንጣ፣ አምስት ሰው፣ ዳገትና የፊት ነፋስ ሲጨመርበት ግን ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ነዳጅ የት እንዳለ የማይነግር መሣሪያ ሌላው ነገሩ ቢያምርም ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው ያለ ኔትዎርክና ያለ ቻርጅ መሥራቱ ነው። ሦስተኛው የመረጃው ትኩስነት፣ አራተኛው ችግር ሲመጣ እርዳታ መጥራት መቻሉ ነው። አምስተኛው የሾፌሩን ዓይን ከመንገድ አለማንሳቱ ነው፤ ምክንያቱም ጎሽና የዱር በግ መሃል አስፋልት ላይ ይቆማሉ። ስድስተኛው ዋጋ ነው።

የታተመው መመሪያ

በዚህ አካባቢ የታተመ መመሪያ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው ማይልፖስት የሚባለውን ነው። ከ1949 ጀምሮ የሚታተም፣ በየዓመቱ የሚታደስ፣ እንደ መጽሔት ሰፊ የሆነ ከ600 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ነው። ዋጋው 40 ዶላር አካባቢ ነው።

የመጽሐፉ ጥቅም ከአሠራሩ ይመጣል። ዋና ዋና መንገዶችን በማይል በማይል ይዘረዝራቸዋል። እዚህ ማደያ አለ፣ እዚህ መኪና ማቆሚያ፣ እዚህ መጸዳጃ ቤት፣ እዚህ ድልድይ፣ ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ይጀምራል ይላችኋል። ከእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ከመንገዱ መነሻና ከመድረሻው ያለው ርቀት አብሮ ተጽፏል። አላስካ ሀይዌይ ላይ አንዱ ቁጥር ከዶውሰን ክሪክ፣ ሌላው ከዴልታ ጃንክሽን የሚቆጠር ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ «ቀጣዩ ማደያ ከ70 ማይል በኋላ ነው፣ ከዚያ በፊት ማረፊያ አለ» ማለት ይችላል። ለዚህ ኔትዎርክም ቻርጅም አያስፈልገውም።

በዚህ መንገድ ላይ የርቀት ቁጥር ያምታታል። መንገዱ በ1942 ሲሠራ ዛሬ ካለው በጣም ይረዝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩርባው እየተቃና አጥሯል። ድንጋዮቹና ምልክቶቹ ግን ብዙ ቦታ የድሮውን ቁጥር እንደያዙ ናቸው። ዴልታ ጃንክሽን 1422 ይላል፣ የዛሬው ርቀት ግን 1,387 ማይል ያህል ነው። ካናዳ በኪሎ ሜትር፣ አላስካ በማይል ይቆጥራሉ። «ማይል 300 ላይ እንገናኝ» የሚል ሰው የትኛውን ማይል እንደሚል ካልታወቀ ነገሩ ያሳስታል። ጥሩ የታተመ መመሪያ የድሮውን ምልክትም የዛሬውን ርቀትም ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የስልክ ካርታ ይህን አያደርግም።

ሌላም የምወድለት ነገር አለ። መንገዱ ዳር ያለውን ታሪክ ይነግራችኋል። አላስካ ሀይዌይን በ1942 በስምንት ወር ገደማ ያወጡት ከ10,000 በላይ የአሜሪካ ጦር ወታደሮች ናቸው። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጦሩ በዘር የተከፋፈለ ነበርና ለብቻቸው በተደራጁ ሬጅመንቶች፣ በዚያ ብርድ፣ በድንኳን እያደሩ ነው የሠሩት። ለብዙ ዘመን ስማቸው አልተነሳም። ዛሬ ዴልታ ጃንክሽን ሳትደርሱ ገርስትል ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ በጥቁር ወታደሮቹ ስም ተሰይሟል። ከልጆቼ ጋር እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መቆምና ማንበብ እፈልጋለሁ። ስልክ ድልድዩን በዝምታ ነው የሚያሳልፋችሁ።

አሁን ወደ ድክመቱ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። መጽሐፍ በታተመበት ቀን ይቆማል። በጸደይ የወጣ መጽሐፍ ነሐሴ ላይ የተዘጋ ማደያ አያውቅም። ስለዚህ መጽሐፉ ማደያ አለ ያለበትን ቦታ ሁሉ እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ዋስትና አትቁጠሩት። ከመጨረሻው ከተማ ስትወጡ ደውላችሁ ወይም ሎጅ ውስጥ ካገኛችሁት ሰው ጠይቃችሁ አረጋግጡ። በግማሽ ታንክ መሙላትም የዚሁ መንገድ ሕግ ይሁንላችሁ።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ንግድ ቤቶች ከፍለው የሚያስገቡት ጽሑፍ አለ። ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበታል፣ ነገር ግን ዝርዝሩ መሃል ስለሚገባ በችኮላ የሚያነብ ሰው ከአዘጋጆቹ ምክር ጋር ሊቀላቅለው ይችላል። ረጅም የተጻፈለት ሎጅ የተሻለ ሎጅ ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው አነባበቡ ነው። የመንገዱ ዝርዝር በአብዛኛው ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ነው የተጻፈው። ስትመለሱ ከታች ወደ ላይ ማንበብ አለባችሁ። መጀመሪያ ያደክማል። ከአንድ ቀን በኋላ ይለመዳል፣ ግን ጋቢና የሚቀመጠው ሰው እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነብ መሆን አለበት። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ፣ ከኋላ ካሉት ልጆች አንዱን ይህን ኃላፊነት ስጡት። ደስ ብሎት ይሠራል።

ብቻውን ለሚነዳ ሰው የታተመ መመሪያ ጥቅሙ ይቀንሳል። እየነዱ ማንበብ አይቻልም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ማታ የነገውን ገጾች አንብቡና የማደያዎቹን ቦታና ርቀት በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉ።

የአምና ወይም የካቻምና እትም በርካሽ ቢገኝስ? ርቀቱ፣ ድልድዩ፣ ታሪኩ፣ ማቆሚያው ብዙ አይለወጥም። ነዳጅና ማደሪያ ግን ይለወጣል። አላስካ ሀይዌይን ብቻ በሐምሌ ለሚሄድ ሰው የአምናው ይበቃዋል እላለሁ። ዴምፕስተር ወይም ዶልተን ለሚገባ ሰው ግን የዘንድሮውን ከመግዛት ሌላ ምክር የለኝም።

ታጣፊ ካርታና አትላስ

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ታጣፊ ካርታ የመንገዱን አጠቃላይ መልክ በአንድ ጊዜ ያሳያል። «ይህ መንገድ ቢዘጋ በየት እንዞራለን?» የሚለውን ጥያቄ ከሁሉም በተሻለ የሚመልሰው እሱ ነው። በመንገዱ ላይ ያሉ የጎብኚ ማዕከላት ነጻ ካርታ ይሰጣሉ፣ የመኪና ማኅበር አባል ከሆናችሁም ያለ ክፍያ ልታገኙ ትችላላችሁ። ማይልፖስት ከገዛችሁ አብሮት ታጣፊ ካርታ አለው። ተራራና ወንዝን በዝርዝር የሚያሳየው የአትላስ መጽሐፍ ለአዳኝ፣ ለዓሣ አጥማጅና ጫካ ገብቶ ለሚያድር ሰው ነው። በዋናው መንገድ ሄዶ ለሚመለስ ቤተሰብ አያስፈልግም።

ስልክ፣ ካርታው ቀድሞ የወረደበት

ስልክ ይናቃል ማለቴ አይደለም። ጂፒኤሱ ከሳተላይት ስለሚቀበል ኔትዎርክ ባይኖርም የት እንዳላችሁ ያሳያችኋል። የሚጎድለው ካርታው ነው። ስለዚህ ካርታውን ቤት ሳላችሁ፣ ዋይፋይ እያለ ማውረድ አለባችሁ። ጉግል ማፕስ አንድን አካባቢ ለይቶ ማውረድ ያስችላል። የወረደው ካርታ ግን ጊዜ አለው፣ ካልታደሰ ያልፍበታል። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት አድሱት። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የሚባሉት ደግሞ ክፍለ አገሩን ወይም ግዛቱን እንዳለ ያወርዳሉ። የሚጠቀሙት በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁትን የኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ነው። ሁለቱንም መጫን ምንም አያስከፍልም፣ እኔም ሁለቱንም ጫኑ እላለሁ።

ከኔትዎርክ ውጭ ስልኩ ስለ መንገዱ አዲስ ነገር አያውቅም። እሳት ተነስቶ መንገድ ቢዘጋ፣ ጎርፍ ድልድይ ቢወስድ አይነግራችሁም። የማደያውን ስም ያሳያችሁ ይሆናል፣ ክፍት መሆኑን ግን አያውቅም። በዚህ ረገድ ከመጽሐፉ አይሻልም፤ ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ ምክንያቱም የተዘጋ ሎጅ ካርታው ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

አጭሩን መንገድ መምረጡም ያሳስታል። ከዶውሰን ሲቲ ወደ አላስካ የሚያሻግር ቶፕ ኦፍ ዘ ዎርልድ የሚባል መንገድ አለ። እጅግ ውብ ነው። ግን የድንበር ጣቢያው የሚከፈተው በሰመር ብቻ፣ ያውም በቀን ሰዓት ብቻ ነው። ዩኮን ወንዝንም የምትሻገሩት በጀልባ ነው። ኔትዎርክ የሌለው ስልክ ይህን ሁሉ ሳያስብ «በዚህ ሂዱ» ሊላችሁ ይችላል። ከዘጋ በኋላ ከደረሳችሁ እስከ ጠዋት እዚያው ነው የምታድሩት።

ብርድም አለ። በበረዶው ወቅት የስልክ ባትሪ ቶሎ ይሞታል። ከዳሽቦርድ ላይ አንሱትና ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። የመኪና ቻርጀር ሁለት ያዙ፤ ገመድ የሚበጠሰው ባልታሰበበት ቦታ ነው።

የመኪና ጂፒኤስ

ለብቻው የሚሸጠው ጂፒኤስ ካርታው ውስጡ ስለሆነ ማውረድ አያስፈልገውም። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ለዓይን አይከብድም፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ለብቻው ለሚነዳ ሰው፣ በተለይም የጭነት መኪና ወይም ካምፐር ለሚነዳ፣ የመኪናውን ቁመትና ክብደት አስገብቶ መንገድ የሚያወጣው ዓይነት ይጠቅማል። ለቤተሰብ መኪና ግን ስልኩ ከሚሰጠው ብዙ የሚጨምር ነገር የለውም። ካላችሁ ውሰዱት። ለዚህ ጉዞ ብላችሁ ግን አትግዙ። ያንን ገንዘብ ለሚቀጥለው መሣሪያ አስቀምጡት።

የሳተላይት መልእክት መሣሪያ

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ መንገድ ያሳያሉ እንጂ ሰው አይጠሩም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እንደ ጋርሚን ኢንሪች ያሉ ትንንሽ መሣሪያዎች በኢሪዲየም ሳተላይቶች ይሠራሉ። እነዚህ ሳተላይቶች ከዋልታ እስከ ዋልታ ይሸፍናሉ። መልእክት ትልካላችሁ፣ መልስ ይመጣላችኋል። የአደጋ ቁልፉን ስትጫኑ ያላችሁበት ቦታ ወደ እርዳታ ማዕከል ይሄዳል፣ ማዕከሉም በአካባቢው ያለውን አዳኝ ቡድን ይጠራል። ዋጋው ለዕቃው ብቻ ከ300 እስከ 400 ዶላር አካባቢ ነው፣ በዚያ ላይ ወርኃዊ ክፍያ አለው። ከሚያምኑት ጓደኛ መዋስም ይቻላል፤ ግን በማን ስም እንደተመዘገበና የአደጋ ጊዜ ተጠሪው ስልክ የማን እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት አስተካክሉ። ቤት ያለችው እናት «ዛሬ ቶክ ደርሰናል» የሚል መልእክት ማታ ማታ ሲደርሳት የሚሰማትን እፎይታም ከዋጋው ጋር አስቡት።

«አይፎኔ የሳተላይት ጥሪ አለው» የሚል ብዙ ሰው አለ። እውነት ነው፣ ከአይፎን 14 ጀምሮ አለው። ነገር ግን አፕል ራሱ ከ62 ዲግሪ ኬክሮስ በላይ ላይሠራ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ዋትሰን ሌክና ኋይትሆርስ ከዚህ መስመር በታች ናቸው። ቢቨር ክሪክ፣ ቶክ፣ ዶውሰን ሲቲ፣ ፌርባንክስ፣ ዴምፕስተርና ዶልተን ግን ከመስመሩ በላይ ናቸው። ይኸውም ስልኩ ሊከዳችሁ የሚችለው እርዳታው ይበልጥ በሚያስፈልጋችሁ ቦታ ላይ ነው። በአይፎን ብቻ ተማምናችሁ ዶልተን አትግቡ።

ዶልተን ላይ ሌላም ርካሽ መፍትሔ አለ። የከባድ መኪና ሾፌሮች በሲቢ ሬዲዮ ቻናል 19 ይነጋገራሉ። በጭነት መኪና የምትተዳደሩ ወገኖች ይህን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። ትንሽ የእጅ ሲቢ ይዛችሁ ብትገቡ ከፊት የሚመጣውን ትልቅ መኪና ታውቃላችሁ፣ ብትቆሙም የሚሰማችሁ አለ።

የመንገድ ሁኔታ ድረ-ገጾች

እነዚህ ነጻ ናቸው፣ ትኩስም ናቸው። ለብሪቲሽ ኮሎምቢያ ድራይቭ ቢሲ፣ ለዩኮንና ለአላስካ ደግሞ በየራሳቸው 511 የሚባለው አገልግሎት አለ። እሳት፣ ጎርፍ፣ የጀልባ መቋረጥ፣ የመንገድ ጥገና ሁሉ እዚያ ይወጣል። ጠዋት ከሆቴል ሳትወጡ ተመልከቱ። የስክሪኑን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ገጹን መክፈት አትችሉምና። ዴምፕስተር ለሚሄድ ሰው ይህ ግዴታ ነው። ወንዞቹ ሲረጉና በረዶው ሲሰበር ጀልባውም በረጋው ወንዝ ላይ የሚያልፈው የበረዶ መንገድም ስለማይሠሩ ለሳምንታት መሻገር አይቻልም።

ሁሉም በአንድ ላይ

| አማራጭ | ያለ ኔትዎርክ | ቀጣዩን ነዳጅ ይነግራል? | ትኩስነት | እርዳታ ይጠራል? | ለብቻ ነጂ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የታተመ መመሪያ | ሙሉ በሙሉ ይሠራል | አዎ፣ ከሁሉም በተሻለ | በዓመት አንዴ | አይጠራም | ማታ ተዘጋጅቶ ብቻ | 40 ዶላር አካባቢ |
| ታጣፊ ካርታ | ሙሉ በሙሉ ይሠራል | በጥቂቱ | ዝቅተኛ | አይጠራም | ያስቸግራል | ነጻ ወይም ርካሽ |
| ስልክ ከወረደ ካርታ ጋር | ይሠራል፣ ቻርጅ ካለ | በከፊል | ባወረዳችሁበት ቀን ይቆማል | ከ62 ዲግሪ በላይ አትተማመኑ | ጥሩ | ነጻ |
| የመኪና ጂፒኤስ | ይሠራል | በከፊል | ካርታው ሲታደስ | አይጠራም | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| የሳተላይት መልእክት | ይሠራል | አይነግርም | ለነዳጅ አይሆንም | አዎ | ጥሩ | ከ300 ዶላር በላይና ወርኃዊ ክፍያ |
| 511 እና ድራይቭ ቢሲ | አይሠራም | አይነግርም | የዕለቱ | አይጠራም | ከመነሳት በፊት | ነጻ |

ታዲያ የቱን ልያዝ?

ገንዘብ ጠባብ ከሆነና የምትሄዱት በሰመር፣ በአላስካ ሀይዌይ ብቻ ከሆነ፣ የታተመውን መመሪያ ግዙና ስልካችሁ ላይ ካርታ አውርዱ። በዚህ መንገድ ላይ በሰመር መኪና አይጠፋም። ብትቆሙ የሚቆምላችሁ ሰው ይመጣል። ቀሪውን ገንዘብ ለጥሩ ትርፍ ጎማ አውሉት። ጎሚስታ ቤት በየከተማው እንደለመድነው አይገኝም።

ቤተሰብ ይዛችሁ፣ ልጆችና ሽማግሌ ካለ፣ ሦስቱን ያዙ፦ መመሪያውን፣ ስልኩንና የሳተላይት መልእክቱን። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ አብሯችሁ ካለ የሳተላይቱን ነገር አትከራከሩበት።

ብቻውን የሚነዳ ሰው ስልኩን ወይም ጂፒኤሱን መሪ አድርጎ፣ መመሪያውን ለማታ ንባብ፣ ሳተላይቱን ለክፉ ቀን ይያዝ።

ዴምፕስተር ወይም ዶልተን የሚገባ ሰው የዘንድሮ መመሪያ፣ የሳተላይት መሣሪያ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና አንድ ጄሪካን ነዳጅ ያስፈልገዋል። በኪራይ መኪና ከሆነ ውሉን አንብቡ። ብዙ አከራዮች እነዚህን የጠጠር መንገዶች ይከለክላሉ፣ ከገባችሁ ኢንሹራንሱ አይሠራም።

በበረዶው ወቅት ለሚሄድ ሰው መጽሐፉ ላይ ያሉት ብዙ ሎጆች ዝግ ናቸው። ያን ጊዜ ከመጽሐፉ ይልቅ ስልክ መደወልና 511 ይቀድማሉ።

ከሁሉም በፊት ግን ሰነዳችሁን አስተካክሉ። ከአሜሪካ ተነስቶ አላስካ የሚገባ ሰው ካናዳን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፣ ግን ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መያዝ አለበት። ፓስፖርቱ ካለፈበት ቀደም ብሎ ያሳድስ። በተቃራኒው ካናዳ ውስጥ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው አላስካ ለመግባት የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛ ከሌላችሁ ጉዞውን ዩኮን ላይ አብቁት። ኋይትሆርስ፣ ክሉዋኒ ሐይቅና ዶውሰን ሲቲ ብቻቸውን የሚበቁ ጉዞ ናቸው፣ ለዚያም ያው መመሪያ ያገለግላችኋል።

ዕቃውን ለማሰናዳት ጊዜ ስጡ። አዲሱ እትም በጸደይ ይወጣል። መጽሐፉ በእጃችሁ ሲገባ የምትሄዱባቸውን መንገዶች ገጽ ምልክት አድርጉበት፣ ማደያዎቹን በቀይ እስክሪብቶ አክብቡ። ሰዓታችሁንም አስቡ፤ በሰመር ከዩኮን ወደ አላስካ ስትሻገሩ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ነዳጅም ካናዳ ውስጥ በሊትር፣ አላስካ ውስጥ በጋሎን ነው የሚሸጠው፣ አንዱ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ይህን አስሉ። የስልክ ካርታውን ደግሞ ቤታችሁ አውርዱ እንጂ ለዶውሰን ክሪክ ሆቴል ዋይፋይ አታቆዩት።